ስቲልዎተር፦ የአንድ ደቡባዊ የሮክ ባንድ አጭር ዕድሜ

በአሜሪካ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ «ባለ አንድ ዘፈን» ተብለው የሚመደቡ ባንዶች ስማቸው የሚነሣው ያቺ አንዲት ዘፈናቸው በሬዲዮ በተሰማች ቁጥር ሲሆን፣ ከየት እንደመጡ፣ ምን ያህል እንደደከሙና ለምን በአጭር እንደተቀጩ የሚጠይቅ ጸሐፊ ግን እምብዛም አያገኙም። ይህ አመዳደብ የባንዱን ችሎታ ከባንዱ ዕድል፣ የዘፈኑን ጥራትም ከአሳታሚው የገንዘብ አቅም ሳይለይ ሁሉንም በአንድ የሰንጠረዥ ቁጥር ስለሚመዝን ለታሪክ ጥናት አስተማማኝ መነሻ ሊሆን አይችልም። በጆርጂያ ግዛት፣ ዋርነር ሮቢንስ በተባለች ከተማ በ1973 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) የተመሠረተው ስቲልዎተር የተባለው ባንድ፣ እንዲህ ያለው ሚዛን ምን ያህል እውነት ሸፍኖ እንደሚያስቀር በግልጽ ያሳያል። ባንዱ በዘመኑ ሁለት አልበሞችን ብቻ አሳትሞ፣ «ማይንድ ቤንደር» በተባለ አንድ ዘፈን በመላ አገሪቱ ለጥቂት ጊዜ ከታወቀ በኋላ ከመድረክ ጠፍቷል። ለመጥፋቱ ዋናው ምክንያት የሙዚቀኞቹ ስንፍና ወይም የአድማጭ መሰልቸት አልነበረም፤ ዕጣ ፈንታቸው በሜከን ከተማ ከነበረ አንድ ሙዚቃ ቤት ጋር ተጣብቆ ስለነበረና ወደዚያ ቤት የገቡትም ቤቱ ሊፈርስ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ሲቀረው ስለነበረ ነው። በመሆኑም የስቲልዎተርን ታሪክ ለመረዳት የዚያን ቤት ታሪክ ማስቀደም ግድ ይላል።

የደቡብ ሮክ የሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ በ1960ዎቹ ማብቂያ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በተለይም በፍሎሪዳ፣ በጆርጂያ፣ በአላባማና በደቡብ ካሮላይና፣ ቅርጽ የያዘ ሲሆን፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ የገጠሩ ነጭ ሕዝብ የሚወደውን ካንትሪ፣ እንዲሁም በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የቆመውን ሮክ በአንድ ላይ ያዋሐደ ነበር። ከሌላው ሮክ ተለይቶ የሚታወቀው ሁለት፣ አንዳንድ ጊዜም ሦስት መሪ ጊታሮችን (ማለትም አጃቢ ከመሆን አልፈው ዜማውን ራሳቸው የሚመሩ ጊታሮችን) ጎን ለጎን በማሰለፉ ነው፤ አንዱ ጊታር ዜማውን ሲያወርድ ሌላው በተስማሚ ድምፅ ይከተለዋል፣ ቀጥሎም እየተቀባበሉ በየተራ ይጫወታሉ። በመድረክ ላይ አንድ ዘፈን በዚህ መንገድ አሥርና ሃያ ደቂቃ ሊዘልቅ ይችል ስለነበር፣ የባንዶቹ እውነተኛ ጥንካሬ የሚታየው በረጅሙ ጨዋታ ላይ ነበር። የዘመኑ የንግድ ሬዲዮ ግን በአብዛኛው ከሦስት ወይም ከአራት ደቂቃ የማይበልጥ ዘፈን ይፈልግ ስለነበር፣ እነዚህ ባንዶች ወደ ሰፊው ሕዝብ ጆሮ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ እምብዛም በማይመስላቸው ሥራ ነው። ብዙዎቹ የዘርፉ ባንዶች በአንድ ወይም በሁለት ዘፈኖች ብቻ መታወቃቸው በከፊል የዚህ አለመጣጣም ውጤት ነው።

ዘርፉ በውስጡ የተሸከመው ቅራኔም ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ሙዚቃው ከጥቁር ሙዚቀኞች የተወረሰ፣ ተጫዋቾቹ ግን በአብዛኛው ነጮች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ባንዶች የእርስ በርስ ጦርነቱን ዘመን የደቡብ ኮንፌዴሬሽን ባንዲራ በመድረካቸው ላይ ይሰቅሉ ስለነበር፣ የባርነትን መታሰቢያ በባርነት ከተገዛው ሕዝብ ዜማ ጋር ያጣመረ ከባድ ስሕተት ፈጽመዋል። በሌላ በኩል የዘርፉ መሥራች ተብሎ የሚታወቀው ኦልማን ብራዘርስ ባንድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጄሞ በሚል ስም የሚታወቀውን ጥቁር ከበሮ መቺ ከአባላቱ አንዱ አድርጎ የያዘ ሲሆን፣ የዘር መለያየት ሕጎች ከፈረሱ ገና ጥቂት ዓመታት ባስቆጠሩበት ደቡብ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ሜከን በማዕከላዊ ጆርጂያ የምትገኝ መካከለኛ ከተማ ስትሆን፣ ሮክ ከመምጣቱ በፊትም በሙዚቃ የታወቀች ነበረች። ሊትል ሪቻርድ በ1932 የተወለደው በዚችው ከተማ ነው፤ የሶል ሙዚቃ ታላቅ ድምፃዊ የነበረው ኦቲስ ሬዲንግም ያደገው እዚያው ነው። የሬዲንግ ማናጀር ፊል ዋልደን ነጭ ሆኖ ሳለ ከተማሪነት ዘመኑ ጀምሮ ለጥቁር ሙዚቀኞች ሥራ የሚያፈላልግ፣ ውል የሚዋዋልና ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ነበር፤ ሁለቱም ወጣቶች ሆነው የጀመሩት ሥራ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ትልቅ ድርጅት አድጓል። ይሁን እንጂ ታኅሣሥ 10 ቀን 1967 ሬዲንግን የያዘው አነስተኛ አውሮፕላን በዊስኮንሲን ግዛት ሞኖና ሐይቅ ውስጥ ወድቆ ድምፃዊው በ26 ዓመቱ ሲሞት፣ የዋልደን ሥራ ዋና ምሰሶውን አጣ። በሚቀጥለው ዓመት ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደሉ በነጭ ነጋዴዎችና በጥቁር ሙዚቀኞች መካከል የነበረውን ግንኙነት ይበልጥ ያሻከረው በመሆኑ፣ ዋልደን ፊቱን ወደ ሮክ አዞረ።

በ1969 ፊል ዋልደን ከወንድሙ ከአለን ዋልደንና ከፍራንክ ፌንተር ጋር ሆኖ፣ የአትላንቲክ ሬከርድስ ሹም የነበረውን የጄሪ ዌክስለርን ድጋፍ አግኝቶ፣ ካፕሪኮርን ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት በሜከን አቋቋመ። በዚያው ዓመት በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል የተመሠረተው ኦልማን ብራዘርስ ባንድ ወደ ሜከን ተዛወረ፤ ምግብ የሚገዙበት ገንዘብ ባልነበራቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ማማ ሉዊዝ በመባል የምትታወቀው ሉዊዝ ሃድሰን በኤች ኤንድ ኤች ምግብ ቤቷ ትመግባቸው እንደነበር የከተማዋ ሰዎች እስከ ዛሬ በኩራት ይናገራሉ። በመጋቢት 1971 በኒውዮርክ ፊልሞር ኢስት አዳራሽ የተቀዳው የመድረክ አልበማቸው በዚያው ዓመት ሐምሌ ሲወጣ ባንዱም ካፕሪኮርንም በአንድ ጊዜ ታላቅ ስም አገኙ። ነገር ግን የባንዱ መሪ ጊታር ተጫዋች ዱዌን ኦልማን በጥቅምት 29 ቀን 1971 በ24 ዓመቱ፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቤሪ ኦክሊም ከአንድ ዓመት ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሁለቱም በሜከን ጎዳናዎች ላይ በደረሱ የሞተር ብስክሌት አደጋዎች ሞቱ። የቀሩት አባላት ሳይበተኑ በ1973 ያወጡት አልበም በሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲሆን፣ ካፕሪኮርን ከአንድ ባንድ አሳታሚነት ወጥቶ የአንድ ክልል ሙዚቃ ማዕከል ለመሆን የሚያስችለው ገንዘብና ክብር ተገኘ።

የካፕሪኮርን አሠራር በዘመኑ ከነበሩት ትልልቅ አሳታሚዎች የተለየ ነበር። ፊል ዋልደን የሸክላ አሳታሚ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹ ባንዶች ማናጀርም ነበር፤ የመቅረጫ ስቱዲዮው፣ የዘፈን መብት አስተዳዳሪው ድርጅትና ባንዶቹን ለየአዳራሹ የሚያከራየው ወኪል ቢሮ ሁሉ በዚያው በሜከን፣ በአንድ ቡድን ዙሪያ የተሰባሰቡ ነበሩ። ለአንድ የገጠር ከተማ ባንድ ይህ ታላቅ ምቾት ነበረው፤ ወደ ኒውዮርክ ወይም ወደ ሎስ አንጀለስ ሳይሰደድ በራሱ አገር ቋንቋና ልማድ የሚያውቁትን ሰዎች አነጋግሮ ውል ሊዋዋል፣ ሊቀረጽና ከታዋቂ ባንዶች ጋር በመድረክ ሊወጣ ይችል ነበር። የሙዚቀኛውን ጥቅም የሚጠብቀው ማናጀርና ለሙዚቀኛው ክፍያ የሚፈጽመው አሳታሚ አንድ ሰው ሲሆን ግን፣ ሒሳቡ በተዛባ ቀን ሙዚቀኛው አቤት የሚልበት ሦስተኛ ወገን አይኖረውም። ይህ የአሠራር ጉድለት ገንዘብ በሚፈስበት ዘመን አልታየም።

በዚያ የብልጽግና ዘመን ከአላባማዋ ሞቢል የመጣው ዌት ዊሊ በ1974 በአንድ ዘፈኑ በአገር አቀፉ ሰንጠረዥ 10ኛ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ኤልቪን ቢሾፕም በ1976፣ ሚኪ ቶማስ በዘፈነለት የፍቅር ዘፈን 3ኛ ሆኗል። የካፕሪኮርን ተጽዕኖ ከሙዚቃ አልፎ ወደ ፖለቲካ የገባውም በዚሁ ጊዜ ነበር። የጆርጂያ አገረ ገዥ የነበረው ጂሚ ካርተር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ በ1974 የተሻሻለው የምርጫ ሕግ ከግለሰቦች ለሚሰበሰብ እስከ 250 ዶላር ለሚደርስ መዋጮ መንግሥት እኩል ገንዘብ እንዲጨምር ይፈቅድ ስለነበር፣ ኦልማን ብራዘርስን የመሳሰሉ የካፕሪኮርን ባንዶች ያቀረቧቸው የድጋፍ ኮንሰርቶች ገና ስሙ ባልታወቀው ዕጩ ካዝና ውስጥ እጥፍ ገቢ ያስገቡ ነበር። በ1976 ካርተር ሲመረጥ በሜከን ያለው ሙዚቃ ቤት የዘመኑ ደቡብ አንዱ መለያ ሆኖ ይታይ ነበር።

ዋርነር ሮቢንስ ከሜከን በስተደቡብ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ዌልስተን የተባለች ትንሽ የባቡር ማቆሚያ መንደር የነበረች ሲሆን፣ ጦር ኃይሉ የአውሮፕላን መጠገኛና የዕቃ ማከማቻ ጣቢያ በአጠገቧ ሲያቋቁም በ1942 የጄኔራል አውጉስቲን ዋርነር ሮቢንስን ስም ወረሰች። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ኑሮ በአብዛኛው የሮቢንስ የአየር ኃይል ሠፈር በሚከፍለው ደመወዝ የሚተዳደር ሆነ፤ ከተለያዩ ግዛቶች የመጡ መካኒኮች፣ ወታደሮችና የቢሮ ሠራተኞች ቤተሰቦቻቸውን ይዘው ሰፈሩባት። እንዲህ ባለች፣ የቆየ የሙዚቃ ስም በሌላት የደመወዝተኛ ከተማ ውስጥ ያደገ ወጣት፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ብቻ በምትርቀው ሜከን ኦልማን ብራዘርስን የመሰለ ባንድ ይኖር እንደነበረ ሲያይ፣ የሙዚቀኛነት ሥራ ሩቅ ሕልም ሆኖ አልታየውም። የስቲልዎተር መወለድ በ1973፣ ካፕሪኮርን በክብሩ ጫፍ ላይ በነበረበት ዓመት፣ መሆኑ እንዲሁ የተገጣጠመ ነገር አይመስልም።

ባንዱ ሰባት አባላት ነበሩት። ጂሚ ሆል ድምፃዊ ነበር፤ በዌት ዊሊ ውስጥ የዘፈነው ድምፃዊም ጂሚ ሆል ስለሚባልና ሁለቱም በአንድ ሙዚቃ ቤት ስለሠሩ ብዙዎች ቢያምታቷቸውም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ማይክ ኮዚ፣ ቦቢ ጎልደንና ሮብ ዎከር ሦስቱን ጊታሮች፣ ቦብ ስፒርማን ኪቦርዱን፣ አሊሰን ስካርቦሮ ቤዝ ጊታሩን፣ ሴቢ ሌሲ ደግሞ ከበሮውን ይጫወቱ ነበር። ሦስት ጊታር ማሰለፍ ከፍሎሪዳው ባንድ ከሊነርድ ስኪነርድ ጋር የሚያመሳስላቸው ሲሆን፣ ለኪቦርዱ የሰጡት ሰፊ ቦታና በኅብረት የሚዘምሩበት ለስላሳ አዘማመር ግን የጆርጂያውን አትላንታ ሪዝም ሴክሽንን ያስታውሳል። ይህ መመሳሰል ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የስቲልዎተርን ሥራ ፕሮዲዩስ ያደረገው፣ ማለትም የዘፈኖቹን አመራረጥ፣ አቀራረጽና አጨራረስ የመራው፣ ባዲ ቡዊ የአትላንታ ሪዝም ሴክሽን ፕሮዲዩሰርና የብዙዎቹ ዘፈኖቻቸው ተባባሪ ደራሲ ነበር። ቡዊ በአትላንታ አቅራቢያ በዶራቪል ይሠራበት የነበረው ስቱዲዮ ዋን ሊነርድ ስኪነርድ የመጀመሪያ አልበሙን በ1973 የቀረጸበት ቤት በመሆኑ፣ ስቲልዎተሮች በእርሱ አማካይነት ከሜከንም ከአትላንታም የደቡብ ሮክ ልምድ ለመቅሰም ችለዋል።

ከ1973 እስከ 1977 ባሉት አራት ዓመታት ባንዱ ሸክላ ሳያሳትም ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይጫወት ነበር። የባንዱ ስም በተነሣ ቁጥር ይህ የልምምድ ዘመን ቢዘለልም፣ ሰባት ሰዎች ያለ ሸክላ ተያይዘው አራት ዓመት መቆየታቸው በራሱ የጽናታቸው ምስክር ነው። በ1977 ካፕሪኮርን በባንዱ ስም የተሰየመውን የመጀመሪያ አልበም አወጣ። በቅንብሩ ጥራት ከዘመኑ የደቡብ ሮክ አልበሞች የማያንሰው ይህ ሥራ፣ ጊታሮቹ እርስ በርስ ሳይሸፋፈኑ የሚደማመጡበት፣ ድምፃዊውም ሳይጮኽ የሚዘፍንበት፣ ለአንድ ጀማሪ ባንድ ከሚጠበቀው በላይ የበሰለ አልበም ነው። አገር ያወቀው ግን ከዘፈኖቹ መካከል አንዱን ብቻ ነው።

«ማይንድ ቤንደር» ስለሚናገር ጊታር የሚተርክ ዘፈን ነው። በትረካው ጊታሩ የዘር ሐረጉን ሲቆጥር ወላጆቹን በሁለቱ ታዋቂ የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ፋብሪካዎች፣ በጊብሰንና በፌንደር፣ ስም ይጠራቸዋል፤ የሁለቱ ፋብሪካዎች ወዳጆች ለአሥርተ ዓመታት በመረጣ ሲከራከሩ የኖሩ በመሆናቸው፣ ሁለቱን በጋብቻ ያስተሳሰረው ይህ ፈጠራ ለጊታር ተጫዋቾች ልዩ ደስታ ሰጥቷል። ጊታሩ በእርግጥ ሲናገር የሚሰማው ቶክ ቦክስ በሚባል መሣሪያ አማካይነት ነው። ቶክ ቦክስ ከጊታሩ የሚወጣውን ድምፅ በትንሽ ድምፅ ማጉያ ተቀብሎ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ተጫዋቹ አፍ የሚያደርስ ሳጥን ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከጉሮሮው ምንም ድምፅ ሳያወጣ በምላሱ፣ በከንፈሩና በመንጋጋው እንቅስቃሴ ብቻ የጊታሩን ድምፅ ወደ ቃላት ይቀርጸዋል፤ ከፊቱ ያለው ማይክሮፎን ደግሞ ከአፉ የሚወጣውን ይቀበላል። መሣሪያው አዲስ አልነበረም፤ የካንትሪ ሙዚቀኛው ፒት ድሬክ በ1964 ተጠቅሞበታል፣ ጆ ዎልሽ በ1973፣ ፒተር ፍራምፕተንም በ1976 ባወጣው የመድረክ አልበም በዓለም ዙሪያ አስተዋውቀውታል። እነዚህ ሰዎች ቶክ ቦክስን ለጌጥ ሲጠቀሙበት፣ ስቲልዎተሮች ግን መሣሪያውን የታሪኩ ባለቤት ስላደረጉትና ጊታሩ በራሱ አንደበት ስለራሱ እንዲናገር ስለፈቀዱለት፣ በዚህ ረገድ ከእነርሱ በፊት የነበሩትን በልጠዋል።

ዘፈኑ በነጠላ ሸክላ ወጥቶ በ1978 መጀመሪያ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 46ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ቢልቦርድ የሙዚቃ ንግድ መጽሔት ሲሆን፣ የዘመኑ ሰንጠረዥም የሸክላ ሽያጭንና በሬዲዮ የመተላለፍ ብዛትን አጣምሮ በየሳምንቱ መቶ ዘፈኖችን በደረጃ ያስቀምጥ ነበር። በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ ትልቁ ድንበር 40ኛው ደረጃ ነው፤ ብዙ ጣቢያዎች አርባዎቹን ብቻ እየደጋገሙ የሚያሰሙ ስለነበሩ፣ ከአርባ በታች የቀረ ዘፈን በአንዳንድ ከተሞች በየሰዓቱ ሲሰማ በሌሎቹ ፈጽሞ አይታወቅም ነበር። ስቲልዎተር በስድስት ደረጃ ያጣው ነገር እንግዲህ የስም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከዚህም በላይ ዘፈኑ ጨዋታና ፈገግታ ያለበት መሆኑ ባንዱን ጎድቶታል ማለት ይቻላል፤ በሬዲዮ የሰሙት ሰዎች አስታወሱት፣ ግን ያስታወሱት ተናጋሪውን ጊታር እንጂ ባንዱን አልነበረም፤ አልበሙን የገዙትም የዚያኑ ዓይነት ሌላ ዘፈን ሲፈልጉ ያገኙት ከዚያ የተለየ፣ ረጋ ያለ ሥራ ነበር።

ጊዜውም ከባንዱ ጋር አልነበረም። ኦልማን ብራዘርስ በ1976፣ ግሬግ ኦልማን በአንድ የባንዱ ሠራተኛ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ላይ ምስክርነት ከሰጠ በኋላ፣ በመራር ጥል ተበትኖ ነበር። በጥቅምት 20 ቀን 1977 ደግሞ የሊነርድ ስኪነርድ አውሮፕላን በሚሲሲፒ ጊልስበርግ አቅራቢያ በጫካ ውስጥ ወድቆ ድምፃዊው ሮኒ ቫን ዛንትን፣ ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ጌይንስንና እኅቱ ካሲ ጌይንስን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ አዲሱ አልበማቸው ከወጣ ገና ሦስት ቀን ነበር። ዘርፉ ሁለቱን ትላልቅ ባንዶቹን በሁለት ዓመት ውስጥ ሲያጣ፣ «ማይንድ ቤንደር» በሬዲዮ በተሰማበት በ1978 መጀመሪያ በሰንጠረዡ ራስ ላይ ለሳምንታት የተቀመጠው የቢ ጂስ የዲስኮ ዘፈን ነበር። ይህ ዘፈን የወጣው ፖሊግራም የተባለው ግዙፍ ድርጅት በሚያከፋፍለው አር ኤስ ኦ ሬከርድስ ሲሆን፣ ከ1977 ጀምሮ የካፕሪኮርንን ሸክላዎች የሚያከፋፍለውም ይኸው ፖሊግራም ነበር። አከፋፋይ ማለት ሸክላውን አባዝቶ በየሱቁ የሚያደርስና ለአሳታሚውም ብዙ ጊዜ ገንዘብ አስቀድሞ የሚያበድር ድርጅት እንደመሆኑ፣ በሚሊዮን የሚሸጥ ዲስኮ በእጁ ያለ አከፋፋይ ለአንድ የዋርነር ሮቢንስ ባንድ ምን ያህል ትኩረት ሊሰጥ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ባንዱ በ1978 «አይ ሪዘርቭ ዘ ራይት» የተባለውን ሁለተኛ አልበሙን በካፕሪኮርን አወጣ፤ ከዚህ አልበም ግን እንደ «ማይንድ ቤንደር» የተሰማ ዘፈን አልወጣም። በዚያው ዓመት ኦልማን ብራዘርስ ታርቀው ተመለሱና በ1979 አዲስ አልበም ቢያወጡም ቤቱን ለማዳን አልበቁም። ካፕሪኮርን ከፖሊግራም የወሰደው ብድር ከሽያጩ በልጦ ነበር፤ ሙዚቀኞቹም ያልተከፈላቸውን የመብት ድርሻ መጠየቅ ጀምረው፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ዲኪ ቤትስ ጉዳዩን በሽምግልና ፍርድ ረትቷል። ካፕሪኮርን በ1979 የኪሳራ አቤቱታ አቅርቦ ተዘጋ፤ ከአሥር ዓመት በፊት ለብዙዎች በር የከፈተው፣ ሁሉን ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር የያዘው አሠራር፣ ጣሪያው ሲወድቅ በሥሩ ያለውን ሁሉ ይዞ ወደቀ።

ታዋቂዎቹ ባንዶች ወደ ሌሎች አሳታሚዎች ሄዱ። ስቲልዎተር ግን አሳታሚውን ብቻ ሳይሆን ለአገሩ ሙዚቃ ጆሮ የነበረውን ብቸኛ ቤት ነበር ያጣው። ሦስተኛ አልበማቸውን የሚያወጣላቸው አላገኙም፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተበተኑ። የእነርሱ ዕጣ ከሌላ የጆርጂያ ባንድ ዕጣ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በአትላንታ የተመሠረተው ጆርጂያ ሳተላይትስ እንደ ስቲልዎተር በአንድ ዘፈን ብቻ የሚታወስ ቢሆንም፣ ያ ዘፈኑ በ1987 በሰንጠረዡ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ከጀርባው የነበረው ኤሌክትራ የተባለው ባለ አቅም አሳታሚ ነበር፤ ባንዱ ከዚያ በኋላ ያን የመሰለ ዘፈን ባይኖረውም ሁለት ተጨማሪ አልበሞችን የማውጣት ዕድል አግኝቷል። በሁለቱ ባንዶች መካከል ያለውን የዕድሜ ልዩነት በችሎታ ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ አንዱ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ሳለ ደሞዝ የሚከፍልለት ድርጅት ነበረው፣ ሌላው ግን ገና ሁለተኛ አልበሙን ሲያወጣ ድርጅቱ በዕዳ ሰጥሞ ነበር።

የስቲልዎተር ስም ዳግም በሰፊው የተሰማው ባልታሰበ መንገድ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ካሜሮን ክሮው ገና በጉርምስና ዕድሜው ለሮሊንግ ስቶን መጽሔት ይጽፍ ነበር፤ በ1973 ከኦልማን ብራዘርስ ጋር ተጉዞ የመጽሔቱን የሽፋን ጽሑፍ ሲጽፍ ዕድሜው 16 ነበር። በ2000 ያወጣው «ኦልሞስት ፌመስ» የተባለው ፊልም ይህን የወጣትነት ጉዞውን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ በታሪኩ ውስጥ ላለው ልብ ወለድ ባንድ የሰጠው ስም ስቲልዎተር ነው፤ ለዚህም የእውነተኛውን ባንድ ፈቃድ አግኝቷል። ፊልሙ ለክሮው የምርጥ ድርሰት ኦስካር ያስገኘለት ሲሆን፣ የልብ ወለዱ ባንድ ዘፈኖችም ለፊልሙ ተብለው የተደረሱ ናቸው፤ በዝግጅቱ ከተሳተፉት መካከል ቶክ ቦክስን ለዓለም ያስተዋወቀው ያው ፒተር ፍራምፕተን ይገኝበታል። ከዚያ ወዲህ ስቲልዎተር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፊልሙን ነው፤ ስሙን ይዘው የወጡት የዋርነር ሮቢንስ ሰባት ሙዚቀኞች ግን የፊልም ሰዎች ጥላ ሆነው መቅረት አይገባቸውም። ስለ ደቡብ ሮክ የሚጻፍ ማንኛውም መጽሐፍ የካፕሪኮርንን ውድቀት ሲተርክ፣ ውድቀቱ ከሥር ያሉትን እንዴት እንደመታ የሚያሳይ ከዚህ ባንድ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ፊል ዋልደን ካፕሪኮርንን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በናሽቪል እንደገና አቋቁሞ ለጥቂት ዓመታት አሠርቶታል፤ በ2006 ሞቷል። በሜከን የነበረው የካፕሪኮርን ስቱዲዮ ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በመርሰር ዩኒቨርሲቲ ታድሶ በታኅሣሥ 2019 ተከፍቷል። ስቲልዎተርም ከዓመታት በኋላ ተሰባስቦ፣ ከሁለተኛው አልበም ሃያ ዓመት ዘግይቶ፣ «ራኒን ፍሪ» የተባለውን ሦስተኛ አልበሙን በ1998፣ ፊልሙ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በራሱ ስም አሳትሟል።